የአዋሽ ዓሣና ሳይነበቡ የቆዩ ደብዳቤዎች

በሳምንቱ ማብቂያ ከአዲስ አበባና ከአዳማ ወደ ሶደሬ የሚጎርፈው እንግዳ ልብሱን አውልቆ ፍልውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዐይኑ የሚያርፈው ዝንጀሮዎቹ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወንዝ ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ከፍልውሃው ጎን ግን አዋሽ ይወርዳል። ከምድር የሚፈልቀው ሙቅ ውሃና ከቆቃ ግድብ ተለቅቆ የሚመጣው ደፍራሽ ውሃ የሚገናኙት እዚሁ ነው። ታጥቦ የወጣው እንግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተጠበሰ ቆሮሶ ሲያዝ፣ የበላው ዓሣ ዘሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። አይፈረድበትም፤ እንግዳ ነው።

ጥያቄው ግን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትንና ኩሬ የቆፈረውን አርሶ አደር በቀጥታ የሚመለከት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በምሥራቅ ሸዋና በአርሲ ቆላማ ቀበሌዎች የዓሣ ኩሬ መቆፈር በየወረዳው ዕቅድ ውስጥ ቦታ እያገኘ መጥቷል። ጉድጓዱን መቆፈር አይከብድም። ውሃውን መሙላትም መስኖ ላለው አያስቸግርም። የሚቸግረው ጫጩቱ ነው። ከየት ይምጣ? የየትኛው ውሃ ዘር ነው? ማን አባዛው? መቼ ተረከብን? በብዙ ቦታ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ አንድ ገጽ ወረቀት እንኳ አይገኝም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዓሣን በሰው እጅ የማስፈልፈል ሳይንስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሲወለድ ያደገውም፣ የተጓተተውም በደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው የደረሰለት ሙያ አደገ፤ መሳቢያ ውስጥ የቀረበት ደግሞ አሥርና ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ቀረ። በዚያ የደብዳቤ ልውውጥ ውስጥ የሸዋና የአዋሽ ዓሣም ድርሻ አለው።

ከሸዋ እስከ ጄኖዋ

እ.ኤ.አ. በ1876 በጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የተላከ የጥናት ቡድን ሸዋ ገባ። የቡድኑ መሪ ማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ የወፍ ተመራማሪ ነበሩ። በወቅቱ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸውና ጣቢያቸውን እዚያ ተከሉ። አንቲኖሪ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞቱ።

ሥራቸው ወፍ ብቻ አልነበረም። ነፍሳቱም፣ እባቡም፣ ዓሣውም አልኮል በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ እየገባ፣ በየብልቃጡ የተያዘበት ቦታ እየተጻፈበት ወደ ባሕር ዳርቻ ይላክ ነበር። የዚያ ዘመን ጭነት ከሸዋ ደጋ ወርዶ፣ የአዋሽን ቆላ አቋርጦ፣ በግመል ጀርባ ዘይላ ይደርሳል፤ ከዚያ በመርከብ አውሮፓ ይገባል። የመጨረሻ መድረሻው ጃኮሞ ዶሪያ የመሠረቱት የጄኖዋ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር።

እዚያ ዓሦቹን የተረከቡት ዴቺዮ ቪንቺጉዌራ የተባሉ ወጣት ሐኪምና የዓሣ ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተሙት ጥናት ከሸዋ ከመጡት ዓሦች መካከል አንዷን ትንሽ ዓሣ በአንቲኖሪ ስም ሰየሟት። ዓሣዋ ከሰው ጣት አትረዝምም፤ ለመጥበሻ አትሆንም፤ በገበያ ዋጋ የላትም። ዛሬም በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውሃዎች ውስጥ ትኖራለች፤ በሳይንስ ዓለምም አንቲኖሪ እየተባለች ትጠራለች። ላኪው ስሙ ለዓሣ መሰጠቱን ሳያውቅ ከአንድ ዓመት በፊት አርፏል።

ለዚህ ዓምድ አንባቢ ከዚህ በላይ የሚጠቅመው የቪንቺጉዌራ ቀጣይ ሕይወት ነው። እኚህ ሰው ቆይተው በሮም የነበረውን የመንግሥት የዓሣ እርባታ ጣቢያ በኃላፊነት መሩ። የሸዋን ዓሣ አጥንትና ቅርፊት የቆጠረ እጅ የጣሊያን ወንዞች የሚሞሉበትን ጫጩት ማስፈልፈል ውስጥ ገባ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ዓሣን መለየትና ዓሣን ማርባት የሁለት መሥሪያ ቤት ሥራ አልነበሩም። ዘሩን የማያውቅ ሰው እንዴት ያራባዋል?

ከአንቲኖሪ በፊትም የመጣ አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1833 ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደርና ጣና ድረስ ተጉዟል። በአዋሽም ሆነ በቆቃ የሚገኘውን፣ ብዙዎች ነጭ ዓሣ የሚሉትን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። የአገራችን ምሁራን በበኩላቸው ይህን ሥራ ከውጭ ሰዎች እጅ ተረክበዋል። ፕሮፌሰር ሽብሩ ተድላ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የወንዝና የሐይቅ ዓሦች የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንም ዝርያዎችን በመለየትና ያሉበትን አደጋ በመጻፍ ለረጅም ዘመን ሠርተዋል።

ዓሣ አጥማጁና ገዥው

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ቮዥ በተባለ ተራራማ ክፍለ አገር፣ ላ ብሬስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ በዚያ መንደር ዦዜፍ ሬሚ የተባሉ ድኻ ዓሣ አጥማጅ ይኖሩ ነበር። ትምህርታቸው እጅግ ጥቂት ነው። የመተዳደሪያቸው ትራውት ዓሣ ከወንዙ እየተመናመነ ሲሄድ ግን ዝም ብለው አላዩም። በኅዳር ብርድ ሌሊት እየወጡ ዓሦቹ እንቁላል ሲጥሉ መመልከት ጀመሩ። ሴቷ ጠጠሩን በጅራቷ ጠርጋ እንቁላሏን ስትጥል፣ ወንዱ ከላይ የዘር ፈሳሹን ሲለቅ፣ ከዚያም ጠጠሩ ተመልሶ ሲሸፈን አዩ።

ያዩትን በእጃቸው ደገሙት። የሴቷን ሆድ በቀስታ ተጭነው እንቁላሉን አወጡ፤ የወንዱን ፈሳሽ ጨመሩበት፤ ሸንቆር ሸንቆር ባለ ዕቃ ውስጥ ከጠጠር ጋር አድርገው ወራጅ ውሃ ውስጥ አስቀመጡት። ተፈለፈለ። አንቷን ዤሃን የተባሉ የመንደሩ ሰው አብረዋቸው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1843 ሬሚ የሠሩትን ለክፍለ አገሩ ገዥ በደብዳቤ አሳወቁ። የክፍለ አገሩ ማኅበርም ሸለማቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቆመ። ፓሪስ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1848 ካትርፋዥ የተባሉ ታዋቂ ተመራማሪ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ቀርበው ዓሣን በእጅ ማስፈልፈል እንደሚቻል፣ ይህንንም ከብዙ ዓመት በፊት ያኮቢ የተባሉ ጀርመናዊ በጽሑፍ እንደገለጹት አስረዱ። እውነት ነው፤ የያኮቢ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1763 በሃኖቨር በሚታተም መጽሔት ወጥቷል። አካዳሚው ይህን ሲሰማ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሥራውን ከሠራው አምስት ዓመት እንዳለፈው የሚያውቅ አልነበረም። የቮዡ ማኅበር ጸሐፊ ዶክተር አክሶ እ.ኤ.አ. በ1849 ለአካዳሚው ጽፈው የሬሚን ሥራ ሲያስታውቁ ነው ነገሩ የተገለጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮስት የተባሉ ፕሮፌሰር በመንግሥት ገንዘብ በራይን ወንዝ አጠገብ ዩናንግ የተባለውን ትልቅ የዓሣ ማስፈልፈያ እንዲቋቋም አደረጉ። እንቁላል ከዚያ እየታሸገ ወደ ብዙ አገር ሄደ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የወረዳ ሹም የሚመስል ሰው አለ። ገዥው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደብዳቤውን ተቀብለዋል፤ ሽልማትም ተሰጥቷል። የቀረው ወደ በላይ የሚተላለፍ አንድ ሸኚ ደብዳቤ ነበር። ጉዳዩን ከስድስት ዓመት በኋላ ያነሣው የጸሐፊው ብዕር ነው።

ውሃ ሳይነካው

ከሁሉ ይልቅ ለኛ ኩሬ የሚቀርበው ግን ሩሲያዊው ቭላዲሚር ቭራስኪ ናቸው። በቫልዳይ ኮረብታዎች ኒኮልስኮየ በተባለ ቦታ ማስፈልፈያ አቁመው ሲሠሩ የፈረንሳዮቹን መንገድ ተከተሉ፤ እንቁላሉንም የወንዱን ፈሳሽም ውሃ ውስጥ አደረጉ። ውጤቱ ደካማ ሆነ። ከእንቁላሉ አብዛኛው ሳይፈለፈል ይበላሽ ነበር። በማጉያ መነጽር ሲመለከቱ ምክንያቱን አገኙት፤ የወንዱ ዘር ውሃ ሲነካው ነቅቶ ይሯሯጣል፤ ነገር ግን ከአንድ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆይም። እንቁላሉም ውሃ ሲገባበት ያብጥና በሩን ይዘጋል። እናም እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ሁለቱን በደረቅ ሳህን ላይ አቀላቅለው ውሃውን በኋላ ጨመሩበት። አብዛኛው እንቁላል ተፈለፈለ።

ይህ ግኝት ከሩሲያ ውጭ በሰፊው የታወቀው ወደ 15 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ማስፈልፈያዎች ግማሹንና ከዚያም የሚበልጠውን እንቁላል ሲጥሉ ኖሩ። ምክንያቱ የቋንቋና የደብዳቤ ጉዳይ ነው፤ ሌላ አልነበረም።

ዛሬ አምባዛ የሚያስፈለፍል ባለሙያ የሚሠራው የቭራስኪን ሥራ ነው። አምባዛ እንደ ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ በቀላሉ አይራባም። በተፈጥሮው እንቁላል የሚጥለው ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ሣሩ ላይ ሲፈስስ ነው። በኩሬ ያደገችው ሴት እንቁላሏ ቢጎመራም የዝናቡን ምልክት ካላገኘች አትጥልም። ስለዚህ ባለሙያው ከሌላ ዓሣ አንጎል ሥር የሚገኘውን ዕጢ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ሆርሞን ይወጋታል። ውሃው ሞቃት ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ሆዷን በቀስታ ሲጫን እንቁላሉ ይወርዳል። ወንዱ ግን በመጫን ዘሩን አይሰጥም፤ ታርዶ የዘር ከረጢቱ ይወጣል። እንቁላሉና ፈሳሹ በደረቅ ሳህን ላይ በላባ ወይም በለስላሳ ማንኪያ ይደባለቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው ውሃ የሚጨመረው። ሳህኑ አስቀድሞ ረጥቦ ከነበረ፣ የሠራተኛውም እጅ ውሃ ያንጠባጥብ ከነበረ፣ የቀኑ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። እንቁላሉ በመረብ ላይ ተዘርግቶ በ28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ባለ ውሃ ውስጥ ሲቆይ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈለፈላል።

በአፍ የሚታቀፍ እንቁላል

ቆሮሶ ሌላ ነው። እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው። አንዳንድ የሐይቅ ዳር አጥማጆች መረብ ሲስቡ ከቆሮሶ አፍ ብጫ እንቁላል ወይም ጥቃቅን ጫጩቶች ሲፈስሱ አይተዋል። አውሮፓውያን ሳይንቲስቶች ግን ነገሩን በጽሑፍ ሲያነሡ ብዙ አድንቀዋል። ከነዚህ አንዱ የሊዮኑ ሐኪምና ተመራማሪ ሉዊ ሎርቴ ናቸው። ከገሊላ ባሕር ዳርቻ ሙቅ ምንጮች አጠገብ የያዙት የቆሮሶ ዘመድ በአፉ ጫጩት ሞልቶ አገኙትና እ.ኤ.አ. በ1875 ለፓሪስ አካዳሚ አሳወቁ። ለዓሣው ያወጡለት ስም ‘የቤቱ አባት’ የሚል ትርጉም ነበረው፤ ጫጩቱን የተሸከመው አባት ነው ብለው ገምተው ነበርና።

ተሳስተዋል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እየከፈቱ ሲያዩ በእነዚህ ዓሦች አብዛኛውን ጊዜ ታቃፊዋ እናት ሆና ተገኘች። የእኛው የአዋሽና የደንበል ቆሮሶም እንደዚሁ ነው፤ ወንዱ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያዘጋጃል፣ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ታነሣዋለች፣ ወንዱም ወደ ሌላዪቱ ይዞራል። ከዚያ በኋላ እናትየዋ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ እምብዛም አትበላም።

ስሕተቱ ለሳይንስ ሰው የስም ጉዳይ ነው፤ ለአርቢ ግን የቁጥር ጉዳይ ነው። እንቁላል ያለው በሴቷ አፍ ውስጥ ከሆነ ኩሬው የሚያስፈልጉት ብዙ ሴቶችና ጥቂት ወንዶች ናቸው። በማባዣ ጣቢያዎች የተለመደው ለ3 ሴት 1 ወንድ ነው። እነሱም ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው መረብ በተሠራ፣ ውሃ ውስጥ በተሰቀለ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። በየሳምንቱ ወይም በየ10 ቀኑ ሴቶቹ አንድ በአንድ ተይዘው አፋቸው ይታያል፤ እንቁላል ያላት በእርጋታ ታስተፋለች። እንቁላሉ ከታች ወደ ላይ ውሃ በሚገፋበት ማሰሮ መሰል ዕቃ ውስጥ ይገባና ሳያቋርጥ ይገላበጣል። እናት በአፏ ታደርገው የነበረው እሱን ነው፤ የማይገላበጥ እንቁላል ሻጋታ ይይዘዋል።

አርሶ አደሩ ጋ የሚደርሰው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቆሮሶ በሦስትና በአራት ወር ዕድሜ ራሷ እናት ትሆናለች። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ የተለቀቀበት ኩሬ በዓመቱ ሲከፈት ጣት በሚያህሉ ዓሦች ተሞልቶ ይገኛል። ምግቡ ለብዙ አፍ ተከፋፍሏል፤ ሴቶቹም ጉልበታቸውን በእንቁላል ጨርሰዋል። ብዙ ኩሬ የተተወው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዓሣ አልሞተበትም፤ ዓሣ በዝቶበት ነው። መፍትሔው ወንድ ወንዱን ብቻ መልቀቅ ነው። ማባዣ ጣቢያዎች ይህን በሆርሞን በታሸ መኖ ያደርጉታል። አርሶ አደሩም ዓሣው ከ20 እስከ 30 ግራም ሲመዝን ገልብጦ ከሆዱ በታች ያለውን ቀዳዳ በማየት ሴቷን መለየት ይችላል፤ ለመልመድ ከባለሙያ ጋር አንድ ጧት ማሳለፍ ይበቃል። ሳይበዛ ሳያንስ በካሬ ሜትር 2 ወይም 3 ጫጩት መልቀቅ ይመከራል። 100 ካሬ ሜትር ኩሬ ያለው ሰው 1000 ጫጩት ሲሰጠው ደስ ሊለው አይገባም።

ያልተጠየቀው እንቁላል

የደብዳቤው ዘመን መልካም ነገር ብቻ አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ1864 ኖርፎክ የተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ተነሥታ በበረዶና በእርጥብ የድንጋይ ሽበት የታሸገ የሳልመን እንቁላል ወደ አውስትራሊያና ታስማኒያ ወሰደች። ጄምስ ዩል የተባሉ ሰው ለዓመታት ተጻጽፈው፣ ሞክረው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከስሮባቸው ያሳኩት ጉዞ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ሁለት የሙያ ባልደረቦች ጥቂት ሺህ የትራውት እንቁላል በስጦታ ጨመሩበት። የተፈለገው ሳልመን ወደ ባሕር ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። ያልተጠየቀው ትራውት ግን ወንዙን ሞላው፤ የአገሩን ትንንሽ ዓሦችም አሳደዳቸው።

ወደኛ አገርም እንዲሁ ያለ እንግዳ ገብቷል። ትራውት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ ወንዞች፣ በወይብና በሻያ ተለቋል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ተስማምቶታል። ካርፕ የተባለው ዓሣ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ እንደተለቀቀ ይነገራል። አባ ሳሙኤል ያለው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ቆቃ ይገባል። ዛሬ ካርፕ በቆቃ መረብ ውስጥ የተለመደ ዓሣ ሆኗል። ከአንድ ግድብ የተለቀቀ ዓሣ እዚያው አይቀርም፤ ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል።

በምግብነቱ ካርፕን የሚጠላ የለም። ነገሩ ሌላ ነው። ጭቃ እየቆፈረ ስለሚመገብ ውሃውን ያደፈርሳል፤ ቆሮሶ ደግሞ ጎጆ የምትሠራው ዳር ላይ ባለ ንጹሕ አሸዋ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሕያው ዓሣን ያለ ፈቃድ ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ማዛወርን የሚገድበው እንዲህ ካለው መዘዝ የተነሣ ነው። በተግባር ግን በጄሪካን የተቀዳ ጫጩት ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ሲሻገር ማንም አያስቆመውም። አብዛኛው ሰው አዋጁ መኖሩንም አያውቅም።

የፍልውሃው ዓሣ

ወደ ሶደሬ እንመለስ። የአዋሽ ቆሮሶ ለረጅም ጊዜ ከናይል ቆሮሶ ሳይለይ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ኒኮልስ የተባሉ አሜሪካዊ ከአዋሽ የተገኘ ናሙና ይዘው የራሱን ስም ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የለንደኗ ተመራማሪ ኤትልዊን ትሬዋቫስ የዓለምን ቆሮሶዎች ሁሉ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሲያጠቃልሉ፣ በአዋሽ ተፋሰስ ሙቅ ምንጮች ውስጥ የሚኖረውን ቆሮሶ ለብቻው አወጡት። ስሙንም ‘ፊሎአ’ አሉት። ፍልውሃ ማለት ነው፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለው ፍልውሃ የተወሰደ ስም ነው። በሙቅ ውሃ መኖር የለመደ፣ በዚህ ተፋሰስ ብቻ የተገኘ ዘር ነው።

ቪንቺጉዌራም ቢሆኑ ከሸዋው ዓሣ ጋር የጀመሩትን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1931፣ ዕድሜያቸው 75 ሲሆን፣ በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ የመጣ ሌላ የቆሮሶ ወገን ዓሣ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁ። ያም ዓሣ በሙቅና ጨዋማ ውሃ የሚኖር ነው። በ1883 እና በ1931 መካከል 48 ዓመት አለ።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? ቆሮሶ ከሁሉ የሚራባውና የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 በታች ሲወርድ እንቁላል መጣል ያቆማል። በአገር አቀፍ ደረጃ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለባት ሰበታ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል። ባቱ ያለው የኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የዓሣ ምርምር ማዕከል በዚህ በኩል ይሻላል። የሶደሬና የመልካሳ ቆላ ደግሞ ከሁለቱም ዝቅ ያለና የሞቀ ነው። በብርድ ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌላው ቦታ የጫጩት ምርት ሲቀንስ የፍልውሃ ሙቀት የታከለበት ማባዣ ምርቱን ሊያስቀጥል ይችላል።

ነገር ግን ፍልውሃን በቱቦ ስቦ ኩሬ ውስጥ መልቀቅ ዓሣ መቀቀል ነው። ሙቅ ውሃ አየር የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ከምድር ሲወጣማ እጅግ ጥቂት ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት መሆኑም በወንጂና በአካባቢው የሚኖር ሁሉ ከጥርሱ የሚያውቀው ነው። ፍልውሃው ሙቀቱን በቱቦ ግድግዳ በኩል ለወንዝ ወይም ለጉድጓድ ውሃ እንዲያካፍል ማድረግ፣ ያም ካልተቻለ ቀዝቅዞና በፏፏቴ መልክ ወርዶ አየር ከያዘ በኋላ መቀላቀል፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ማስመርመር ያስፈልጋል። የአዋሽም ውሃ ቢሆን ከላይ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዞ የሚመጣ ነው። የሶደሬ ዳርቻ መልካም ቦታ ነው ማለት ሳይመረመር ይሠራበታል ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። ማባዣ ቢቋቋም እናቶቹ ከየት ይምጡ? በቀላሉ የሚገኘው ከሌላ አገር የመጣ፣ በፍጥነት ያድጋል የተባለ ዘር ነው። ያ ዘር አዋሽ ውስጥ አንድ ጎርፍ ይበቃዋል። ከፍልውሃው ቆሮሶ ጋር ይዳቀላል፤ ከዚያ በኋላ ‘ፊሎአ’ የሚባለው ነገር በትሬዋቫስ መጽሐፍ ውስጥ ካልሆነ የትም አይገኝም። ከአዋሽ የተያዘ ቆሮሶ መርጦ በየትውልዱ ትላልቁን እያስቀሩ ማራባት ጊዜ ይወስዳል፤ ዓመታት ይወስዳል። ሥራውም የዕቅድ ዘመን ከሚያልቅበት ወር ጋር አይገጥምም። ወረዳው የሚወስነው ይህን ነው።

ከከረጢቱ ጋር የሚሄድ ወረቀት

ጫጩት የሚረከብ ወረዳ አሁኑኑ ሊጀምረው የሚችለው ግን የሚከብድ አይደለም። አንቲኖሪ በየብልቃጡ እንዳደረጉት በየከረጢቱ ላይ ወረቀት ማሰር ነው። የወላጆቹ ውሃ ስም፣ የተፈለፈለበት ቀንና ቦታ፣ ዝርያው፣ ሆርሞን ተሰጥቶ ከሆነ መሰጠቱ፣ የተላከው ብዛትና ሕያው ሆኖ የደረሰው ብዛት። የወረቀቱ አንድ ቅጅ ከአርሶ አደሩ ጋር፣ አንዱ ወረዳ፣ አንዱ ባቱ ወይም ሰበታ ይቀመጥ። አርሶ አደሩም ኩሬውን ሲከፍት ያገኘውን ቁጥርና ክብደት በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፍበት። መጻፍ የማይችል ከሆነ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይጻፍለት። ሬሚም የጻፉት በብዙ ችግር ነው።

በመንገድ ላይ ደግሞ፦ ጫጩት ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን ሙሉ መኖ አይሰጠው፤ የበላ ዓሣ ውሃውን ያበላሻል። ጉዞው ከጎሕ በፊት ይሁን። ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ የቀረው አየር ይሁን፤ በተቻለ ኦክስጂን ይሞላ። ከኩሬው ሲደርስ ወዲያው አይገልበጥ፤ ታስሮ እንዳለ ውሃው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፣ ከዚያ አፉ ተከፍቶ የኩሬው ውሃ በጣሳ ጥቂት በጥቂት ይጨመርበት፣ ጫጩቱም በራሱ ጊዜ ይውጣ።